ቀይ እስክሪብቶ በየሺዋስ እጅ

መምህር የሺዋስ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ ተማሪዎችን ጽሑፍ በሚያለማምድበት ክፍል ውስጥ ነበር። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። ቀኝ እጁ ቀይ እስክሪብቶ ጨብጧል። ከፊቱ የተማሪ ትዝታ የመመረቂያ ጽሑፍ በቀይ ተዥጎርጉሮ ተዘርግቷል። ከእግሩ ሥር የከሰል ምድጃ አለ፤ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው።

«የጉና ብርድ ነዋ፤ ሰውየው ታፍኖ ሞተ» አለ አገሩ። አገር ሁልጊዜ መልሱን ከጥያቄው ቀድሞ ያውቃል። ሐኪሙ ግን ከጠጣው ሻይ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት አገኘ።

ሻዩን ያፈሉት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ እቴነሽ ናቸው፤ ያደረሰችው ትዝታ ናት፤ አብሮት የጠጣው የሥራ ባልደረባው መምህር ዓለምነው ነው። ከሦስቱ የታሰረችው ትዝታ ነበረች። ልትመረቅ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

ምርመራው ለኢንስፔክተር ስርጉት ተሰጠ። ስርጉት ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው። ዱሮ እሷም የየሺዋስ ተማሪ ነበረች። ሬሳውን ስታይ አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነከሰች።

መጀመሪያ ዓለምነውን ቢሮው አገኘችው። የራሱ ጽሑፍ የወጣበትን መጽሔት፣ የገባ ሁሉ እንዲያየው፣ ጠረጴዛው ላይ ገልጦ አስቀምጦታል።

«ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ» አላት። «በቀይ ሲሰርዝና ሲደልዝ ነው የሚውለው። ልጅቷ በዚያ ቂም ያዘችበት።»

ቀጥላ ጣቢያ ሄዳ ትዝታን ጠየቀች።

«አንዲት ፊደል ጽፎልኝ አያውቅም» አለች ትዝታ። «እጆቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ‹ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ› ይላል። ሳነበው ጥፋቴን ራሴ እሰማዋለሁ፤ ያስቀኛል። ያኔ እሱም ይስቃል።»

«ምን ያገኝ ነበር ከዚህ ሁሉ ድካም?»

«ያችን ሳቅ።»

እትዬ እቴነሽ መጥረጊያቸውን ሳይለቁ መለሱ። «በሩን ዘግቶ አያውቅም፣ ልጄ። ‹ተማሪ ሲያነብ ኮሪደሩም ይስማ› ይል ነበር። ‹ሰኞ ዲኑ ዘንድ የምናገረው አለኝ› ብሎኝም ነበር፤ ሰኞን አላያትም እንጂ።»

በማግስቱ ስርጉት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለች። ከዚያ ወደ ዓለምነው ዞረች። «እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ የሺዋስ የተማሪን ጽሑፍ በብዕር አይነካም። እኔም አምስት ዓመት አይቻለሁ። እንግዲህ ቀዩን እስክሪብቶ እጁ ላይ ያኖረው፣ ተማሪ ሲያነብለት አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። አንተ ግን ‹አይቻለሁ› አልከኝ።»

«እና ይኼ ማስረጃ ነው?» አለ ዓለምነው ፈገግ ብሎ።

«ቆይ፣ አትቸኩል። መምህር ነህና ቀይ ስትይዝ እጅህ አላስችል አለው፤ ከልብህ አረምከው።» የዓለምነውን የፈተና እርማቶች ከትዝታ ጽሑፍ ጎን ዘረጋች። እጅ ጽሑፉ አንድ ነበር።

ፈገግታው ጠፋ።

«መጽሔቱ ላይ በስምህ ያወጣኸው ስለ ጋፋት ገበሬዎች ነው። ትዝታ ከአባቷ ሰምታ በዚህ መመረቂያዋ የጻፈችውን ነው የወሰድከው። የሺዋስ ሰባት ጊዜ ሲነበብ ሰምቶታል፤ መጽሔቱ ላይ ሲያየው ወዲያው አወቀው። ሰኞ ለዲኑ ሊናገር ነበር። ሻይ አብረኸው ስትጠጣ መድኃኒቱን ከእሱ ሻይ ጨመርክ፤ ሲያንቀላፋ ከሰሉን አስገብተህ ዘጋህበት። ወረቀቷን ከፊቱ ያኖርከው፣ ጽሑፏን የሰረቅካት አንሶህ፣ ግድያውንም ልታሸክማት ነው።»

ዓለምነው ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ወደ ስርጉት ገፋው። «እሺ… አንቺ ጻፊው፤ እኔ እፈርማለሁ።»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ለሰው አይጽፍም። ብዕሩን ያዝ።»

ጻፈ። ስርጉት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቷል።

«ጮክ ብለህ አንብበው» አለችው።

«…መምህር የሺዋስም ታፍኖ ሞተ» ብሎ ጨረሰ፣ ድምፁ እየሰለለ።

ትዝታ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እጆቿን ብብቷ ሥር ወተፈች። እስከ ትናንት «እርስዎ» ስትለው የኖረች ልጅ፦

«እስኪ የመጨረሻዋን መልሰህ አንብባት» አለችው። «ማን ነው ያፈነው?»

ዓለምነው ወደ በሩ አየ፤ ማንም ፊቱን አላዞረለትም። ሰረዘ። «ያፈንኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ፤ አነበበውም።

«ኮሪደሩ አልሰማም» አለች ትዝታ። «እንደገና።»