ጥገና የማይሻ ጓሮ

አቶ ገሠሠ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ የሴት ልጅ አባት በሚያምርበት ዝግታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ገብቶናል» አሉ። «ከዘመድ ሳንማከር ግን መልስ የለንም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

በር ላይ የቆሙት ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እስካሁን የተናገሩት ለቁም ነገር እንደመጡ ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የእሑድ ነው። ሰዎቹ በቀጥታ ከቅዳሴ ስለመጡ ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል። ጫማቸው ጭቃ ስለያዘ ደግሞ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ሲባሉ «የለም፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። በእሑድ ጠዋት ሦስት ሆኖ፣ ጋቢ ለብሶ፣ አልቀመጥም የሚል ሰው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ በቆሰበር ከተማ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ቤታቸው ያለች አቶ ገሠሠማ ይህንን ቀን ሲጠብቁ ጠጉራቸው ሸብቷል። ቅር ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወጣቱ ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰልፎ መምጣቱ። የዘመኑ ልጅ ዓይን አውጣ ነው ብለው አለፉት።

ልጃቸው ሰርክአዲስ የአባቷን መልስ ስትሰማ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ ጓሮውን ሊለኩ እኮ ነው የመጡት።»

ከሦስቱ ትልቁ፣ የቀርከሃ ሠራተኛው ጋሽ መሳፍንት፣ የጫማቸውን ጭቃ ይመረምሩ ጀመር። ግንበኛው ሳል መጣበት። ወጣቱ ዓለምነው ምስክር እንደሚያቀርብ ሰው ከጋቢው ሥር ሜትሩን አውጥቶ አሳየ። እናቲቱ ወይዘሮ ማናየሽ በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተሙና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጓዳ ሮጡ፤ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ግን ከኋላ ይታይ ነበር።

አቶ ገሠሠ ከአፋቸው የወጣ ቃል የሚመልሱ ሰው አይደሉም። «ብያለሁ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እንዲህ ሆኖ ጓሮው ለአንድ ሰው ክብር ሲባል ሁለት ሳምንት ሳይነካ ተቀመጠ። በዘንገና ሐይቅ በኩል ግን ደመናው ቀን እየቆጠረ ይጠቁር ነበር።

ሰርክአዲስን ያስጨነቃትም ይኸው ደመና ነው። ማስተማሩን ትታ በአባቷ ቤት ሰባት ሕፃናት ትጠብቃለች፤ እናቶቻቸው ጠዋት አምጥተው ሥራ ይውላሉ። ቤቱ ሙቅ ነው፣ ምግቡ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹ ይወዷታል። ጓሮው ግን ለፍየል እንጂ ለልጅ የተሠራ አልነበረም። ተዳፋት ነው፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። በአንዱ ጥግ ሳማ፣ በሌላው ጉሎ በቅሏል። መካከል ላይ ደግሞ በቆርቆሮ ብቻ የተከደነ የውኃ ጉድጓድ አለ። በመጋቢት አንዱ ልጅ ጠርዙ ላይ አንሸራትቶት ጫማው ገባ። ጫማው ብቻ መሆኑን እናቶቹ እግዚአብሔርን አመስግነው ሲያበቁ ለሰርክአዲስ ቀን ቆረጡላት፤ ግንቦት ከማለቁ በፊት ጓሮው ካልተስተካከለ ልጆቹን ይወስዳሉ። ያኔ የሚቀርላት ባሕር ዳር አክስቷ ሱቅ ገብታ ሳሙናና ፓስታ መደርደር ነው።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ዓለምነው ብቻውን መጣ። በር የከፈተችለት ሰርክአዲስ ውኃ ልታመጣለት ገብታ ስትመለስ፣ ሰውዬው በጓሮው መካከል በጉልበቱ ይሄዳል።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው።

«ምንም። ሦስት ዓመቴ ነው።»

«አልገባኝም።»

«ጓሮው የእኔ ቁመት ላለው ሰው ምንም አይል። አንቺም ውረጂ፤ ከላይ ሆነሽ አይታይሽም።»

ሰው ያየኛል ብላ ዙሪያዋን ቃኘችና ተንበረከከች። እውነቱን ነው። ለዓመታት የምታውቀው ጓሮ ሌላ አገር ሆነ። የአሮጌው ጠረጴዛ ምስማር ከሥሩ ወጥቶ ልክ በዓይኗ ትይዩ ቆሟል። የጉሎው መርዛማ ፍሬ አፍ ላይ ደርሷል። በአጥሩ ሥር ያለው ቀዳዳ የአንድ ልጅ ጭንቅላት ሊያሳልፍ ነው የተበጀው ያስብላል። ስትዞር ፊቱ ከፊቷ ትይዩ ነበር፤ ቆመው ቢሆን ግንባሯ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሰው። እሱም ሜትሩን ይዞ የሚለካውን ረሳ። ከመካከላቸው መጀመሪያ የተነሳችው እሷ ናት፤ ቀሚሷን ስታራግፍ ግን አፈሩ ካለቀ በኋላም ማራገፏን አልተወችም።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጉሎና ሳማው ከሥሩ ተነቀለ። ጉድጓዱ በድንጋይ ተገንብቶ ከወገብ በላይ ከፍ አለና፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ክዳንና ቁልፍ ተበጀለት። ተዳፋቱ በሦስት ሰፋፊ ደረጃ ተከፈለ፤ የዝናቡ ውኃም በቦይ ወደ መንገድ ወጣ። ዥዋዥዌ ተተክሎ ሥሩ ክንድ የሚያህል አሸዋ ተሞላ። ቀሪው ቦታ ሰርዶ ተተከለበት፤ ቢረግጡት የማይሞት፣ ማጭድም የማይለምን። አበባ ልትተክል ስትል ዓለምነው ከለከላት። ሰባት ልጅ የያዘች ሴት ውኃ የሚጠማው ነገር አትጨምርም ብሎ ነው።

አጥሩ ላይማ ከአጎቱ ከጋሽ መሳፍንት ጋር ሊጣላ ደርሶ ነበር። ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ በዝናብ የተቆረጠ ቀርከሃ ነቀዝ ይበላዋል ብሎ ሁለት ጭነት መለሰባቸው። የተመረጠውን ጫፍ ጫፉን በእኩል ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ልጅ እግሩን አስደግፎ እንዳይወጣበት አግዳሚውን በውጭ በኩል አደረገው። የአጥሩን በር መቀርቀሪያ በሰርክአዲስ ትከሻ ልክ ሰቀለው፤ ለዚህም ሦስት ጊዜ ትከሻዋን ለካ። አንድ ጊዜ በቂ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

በመጨረሻ አግዳሚ ወንበር ሠራና እላዩ ተቀምጣ አራቱን ማዕዘን ማየት የምትችልበትን ቦታ ሲፈልግ ግማሽ ቀን ዋለ።

«ከእኔ በኋላ ለአምስት ዓመት ማንንም አትጠሩም» አለ በኩራት።

ይህን ሲል ያልገባው ነገር ነበር። ሰርክአዲስ ሥራው ባማረ ቁጥር የቀሩትን ቀናት ትቆጥር ጀምራለች። አንድ ምሰሶ በጠበቀ ቁጥር ሰውዬው የሚመለስበት አንድ ምክንያት ይሞታል። ዘወር ሲልላት ምሰሶውን ትወዘውዛለች፤ አይነቃነቅም። ደረጃው ላይ ውኃ ትደፋለች፤ ውኃው እንደ ታዘዘ ሰው ወደ ቦዩ ይሄዳል።

ሥራው ያለቀ ዕለት ዓለምነው ዕቃውን ሰበሰበና በሩ ጋ ቆመ። አጥሩን አየ። እሷም አጥሩን አየች። «በቃ፣ እንግዲህ» አለ። «በቃ» አለች። ዕቃ ሳይዝ መምጣት የማይታሰብ ነበር። ያ እሑድ ካለፈ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑን በበራቸው ላይ ተክሏል፤ የባጃጅ ነጂው ሁሉ ሰርክአዲስን ሲያይ «ዘመድ ተማክሮ ጨረሰ?» ይላታል። አቶ ገሠሠም የልጁን ስም መጥራት ትተው «ያ ለኪው» ይሉታል።

አንድ ወር ሞላ። እናቶቹ ደስ ብሏቸዋል፣ ልጆቹ ከጓሮው ወጥተን ቤት አንገባም ይላሉ። ሰርክአዲስን ግን ያ ሁሉ ሰፊ ቦታ ጠበባት። ከወንበሩ ተነስታ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጉድጓዱ፣ ደግሞ ወደ ወንበሩ። የተቀመጠችበት ሁሉ ይቆረቁራታል። እናቷ ዓይኗን አይተው ልጆቹ ሲተኙ አንቺም ተኚ ይሏታል፤ ሰባት ልጅ አስተኝታ ራሷን ማስተኛት ግን አቅቷታል።

በሰኔ መጀመሪያ ማክሰኞ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ እንደተኙ የአባቷን ካቻቢቴ አነሳች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። መቀርቀሪያው ይላላል፣ ማታ አባቷ ያዩታል፣ ለጋሽ መሳፍንት ይነግራሉ፣ ጋሽ መሳፍንት የወንድማቸውን ልጅ ይልካሉ። ሦስት ብሎን ፈታችና ኪሷ ከታ ገባች።

ከትንሿ ውቢት ቀድማ የምትነቃ ልጅ እንደሌለ እያወቀች ነው ይህን ያደረገችው። ፍቅር መቁጠር ያስረሳል።

ሲነቁ ስድስት ናቸው። እንደገና ቆጠረች፤ ስድስት። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰርክአዲስ በባዶ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች አስፋልቱ ጋ ስትደርስ፣ አንድ ባጃጅ መንገዱን ዘግቶ በአግድም ቆሟል። ነጂው ፊቱ አመድ መስሎ የውቢትን እጅ ይዟል። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ ጡሩምባውን አስነፋኝ እያለች ትለምነው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቶቹ ተሰበሰቡ። የውቢት እናት እመቤት ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ቃሏን ቆጥራ የምትሰጥ ሴት ናት። ዓለምነው ተጠርቶ መጣ። ሰርክአዲስ አንድ ወር ሙሉ የተመኘችው መምጣት መጣ፤ ቀና ብላ ግን ልታየው አልቻለችም።

እመቤት አልጮኸችበትም። ልጇ አስፋልት ላይ መገኘቷን ነገረችው። አስከትላም፣ እህቷ የምታስተምርበት የዳንግላ መዋዕለ ሕፃናት ይህን የመሰለ ጓሮ ሊያሠራው እንደተነጋገረ መስማቷን፣ ዛሬውኑ ደውላ እንደምታስተዋቸው ነገረችው።

ዓለምነው ወደ መቀርቀሪያው ጠጋ አለ። ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፣ ብረቱ አልተጣመመም። ብሎን በራሱ ሲላላ ምን እንደሚመስል፣ ሰው ሲፈታው ደግሞ ምን እንደሚመስል ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። ዘወር ብሎ ሰርክአዲስን አየ። ብዙም አልቆየባትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ። «አላጠበቅሁትም ይሆናል።»

ሰርክአዲስ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ብሎኖቹ አሁንም እዚያው ነበሩ። አሁን ዝም ብትል ልጆቹ ይቀሩላታል፣ ስሟም ይተርፋል፤ የሚጠፋው የእሱ ስም ብቻ ነው።

«እሱ አጥብቆታል» አለችና መዳፏን ዘረጋች። «እኔ ነኝ የፈታሁት።»

«ለምን?» አለች እመቤት።

አባቷ እዚያው ቆመዋል። እናቷ ቆመዋል። ሌሎቹ ስድስት እናቶች ቆመዋል።

«እንዲመለስ ብዬ።»

አቶ ገሠሠ ሊዘንብ እንደሆነ ለማየት ይመስል ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። እመቤት ልጇን አዝላ ወጣች፤ ሌሎቹም ልጆቻቸውን እየያዙ ተከተሏት። ዓለምነው ሦስቱን ብሎኖች ከመዳፏ ላይ አንድ በአንድ አነሳና መቀርቀሪያውን አሰረ። እሱም ሄደ።

ሦስት ቀን ዥዋዥዌው ንፋስ ብቻ ጫነ። ሰርክአዲስ ለባሕር ዳር ሻንጣዋን አወጣች፣ መልሳ አስገባች፣ እንደገና አወጣች። እናቷ «ልጄ፣ ወይ ሂጂ ወይ ተቀመጪ፤ ሻንጣው ደከመው» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እመቤት ውቢትን ይዛ ቆማለች። ለዳንግላዎቹ ደውላ እውነቱን እንደነገረቻቸው ገለጸች። ሌሎቹ እናቶችም ሰኞ እንደሚመጡ ነገረቻት።

«ብትዋሺኝ ኖሮ ይህን በር አልረግጠውም ነበር» አለች። «ካቻቢቴውን ግን አምጪው።»

ሰርክአዲስ አመጣች። እመቤት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሰባት ሰዓት ላይ ውቢት ተኝታለች። በሩ እንደገና ሲንኳኳ ሰርክአዲስ ብሎኖቹን በዓይኗ ቆጥራ ከፈተች። ዓለምነው ነበር። ሜትር አልያዘም፣ መዶሻ አልያዘም፣ የዕቃ ከረጢት አላነገተም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ሰፈሩ እያየው በጠራራ ፀሐይ ባዶ እጁን ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሷም ተቀመጠች፤ በመካከላቸው አንድ ልጅ የሚያስቀምጥ ቦታ ተረፈ።

የዳንግላውን ሥራ እንደፈረመ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቆሰበር እንደሚያድር ነገራት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ባለፈው ወር በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ መንገዱ ባልሆነው በዚህ አጥር ሥር ያልፍ እንደነበር ተናገረ። ሁለት ጊዜ ለማንኳኳት እጁን አንስቶ ነበር።

«ምን ልበል?» አለ። «ምንም የማይጎድለው ጓሮ ሠርቼ ምን ጎደላችሁ ብዬ ልግባ?»

«እኔ ከአጥሩ በዚህ በኩል ነበርኩ» አለች።

እጁ ወንበሩ ላይ መካከለኛው ቦታ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ የእሷም ሩቅ አልነበረም።

«ቢሆንም» አለ ዓለምነው፣ ዓይኑን ከበሩ ሳያነሳ፣ «ሦስት ብሎን ከመፍታት ስልክ መደወል አይቀልም ነበር?»

ሰርክአዲስ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«አንተ ጋስ ኔትወርክ አልነበረም እንዴ?» አለችው።