የተናኜ ፀጉር በታረቀኝ እጅ

በ1979 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ ጤና ረዳቱ ታረቀኝ ቆቦ ገበያ አጠገብ ካለችው ክሊኒኩ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በዱላ ተመትቷል። በቀኝ እጁ ስንዝር የሚሆን የሴት ፀጉር ጨብጧል። ከተማው ፀጉሩን እንዳየ ፍርዱን ሰጠ። የራሷን ፀጉር የምትነቅል ሴት ተናኜ ብቻ ነበረችና እስር ቤት አስገቧት።

እጇ ሳታዘው ወደ ራሷ ይሄድና አንድ በአንድ ይነቅላል። ጠበልም አላስተዋትም። ታረቀኝ ግን በየሳምንቱ ረቡዕ አስቀምጦ ያነጋግራት ነበር። ይህ ደግሞ ለሐሜተኛው ሰርግና ምላሽ ነበር።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ እንድሪስ ለወሬ የማይቸኩል ሰው ነው። መጀመሪያ እሷን ጠየቃት።

«እትዬ ተናኜ፣ ረቡዕ ረቡዕ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እናወራለን።»

«ወሬ መድኃኒት ይሆናል እንዴ?»

«‹እጅሽ ሲነሳ ምን ታስቢያለሽ?› ይለኛል። ልጄን እለዋለሁ። ‹እጅሽን ጨብጪና እስኪያልፍልሽ ስለ ጋሹ ንገሪኝ› ይለኛል። አንድ ፀጉር ካልነቀልሁ ሁለት ወር ሆነኝ።»

ጋሹ ከሦስት ዓመት በፊት ለውትድርና ታፍሶ ግንባር ላይ የሞተ አንድ ልጇ ነው። እንድሪስ ሻሿን እንድትፈታለት ለመናት። እያለቀሰች ፈታችው። አየና ወጣ።

ቤቷ ሄዶ አብራት የምትኖረውን እህቷን አስካለን አገኘ።

«እትዬ ተናኜ ሲያበጥሩ የሚወጣው ፀጉር የት ይደረጋል?»

«የትም አይጣል! መተተኛ ያገኘዋላ። ጓዳው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ እወትፈዋለሁ።»

ስንጥቁን አየው፤ ባዶ ነው። ከዚያ የታረቀኝን ደብተር ገለጠ። ስለ ተናኜ የጻፈበት የመጨረሻው ገጽ «ባሏም አልቅሶ ነገረኝ። ራሱ ይንገራት ብዬ እስከ አርብ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ» ይላል።

ቅዳሜ ተናኜን፣ ባሏን ደሳለኝንና አስካለን ክሊኒኩ ውስጥ ሰበሰባቸው። ደሳለኝ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው።

«ከኋላ የተመታ ሰው የገዳዩን ፀጉር አይነቅልም፤ ከሞተ በኋላ ነው ያስጨበጡት» አለ እንድሪስ። «ፀጉሩ ላይ የግድግዳ ጭቃና ጭድ አለ። ከስንጥቁ ያወጣው የቤት ሰው ነው።»

«አስካለም የቤት ሰው ናት!» አለ ደሳለኝ።

«ናት። ግን ከሁለት ወር በፊት እኩል እንዲበቅል ብላ የእህቷን ፀጉር በመቀስ ያሳጠረችው እሷ ናት። ዛሬ እትዬ ተናኜ ራስ ላይ ስንዝር ቀርቶ የግማሽ ጣት ፀጉር የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ረጅም ፀጉር አያስጨብጥም። ከቤቱ ሰው ይህን የማያውቅ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚስትዎን ራስ አላዩም።»

ተናኜ አንገቷን ደፋች። አፍራ ከባሏ እንኳ ትሸፋፈን ነበር፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

«ለምን?» አለች ቀስ ብላ።

እንድሪስ መናገሩ ከበደው። «ጋሹ አልታፈሰም። የምልምሉ ኮታ ሲጎድል ስሙን የጻፉት አባቱ ናቸው። የቀበሌውን የምልምል ዝርዝር አይቼዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፉ የሳቸው ነው። ታረቀኝ ይንገሯት ያላቸው ይህንኑ ነው፤ እስከ አርብ ካልነገሩ ራሱ ሊናገር ነበር።»

ደሳለኝ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «የሰው ልጅ ልኬ የራሴን ላስቀር? ‹ለእማዬ እንዳትነግራት› ብሎ ያስማለኝ ጋሹ ራሱ ነው። ፀጉርሽን ያስጨበጥኩት ደግሞ ታማሚ ናት ብለው ይለቁሻል ብዬ ነው።»

ተናኜ ቀና ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ከሞተ ወዲህ እቤታችን የልጄ ስም ተጠርቶ አያውቅም» አለችው። «እዚህ እየመጣሁ ነበር ጋሹ፣ ጋሹ እያልኩ የምውለው። አሁን ለማን ልንገር?»