ያልተከፈተው ሳጥን

ድልድዩን ጎርፉ ዓይናቸው እያየ ጠራርጎ ወሰደው። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ የበረዶ ሳጥኑን አውርዶ ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ አስታቀፋት።

«እንግዲህ በእግር ነው፣ እህት ዓለም። እንደ አራስ ልጅ አቅፈሽው የለ፤ ክርስትናውን መቼ ነው የምንበላው?»

«ጋሼ፣ አሁን ቀልድ ነው?»

ሳጥኑ ውስጥ ወረርሽኝ ከገባበት መንደር የተቀዳ የሠላሳ ስድስት ሰው ደም ነበር። የምርምር ተቋሙ ደሙን መርምሮ በሽታውን ካልለየ ለመንደሩ የሚላክ መድኃኒት የለም። በረዶው የሚቆየው እስከ ነገ ማታ፣ ያውም ክዳኑ ካልተከፈተ ነው። በተቋሙ ደንብ መሠረት በየሰዓቱ ከሳጥኑ ውጭ ያለውን ቴርሞሜትር አይታ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ክዳኑ ከተከፈተም ትመዘግባለች።

ወረድ ብሎ ወንዙ በሚሰፋበት ቦታ ሹፌሩ ሳጥኑን አናቱ ላይ አድርጎ እስከ ደረቱ ገባ። ዳር ተኝቶ የነበረ አዞ ሸርተት ብሎ ውሃው ውስጥ ጠለቀ።

«ወደ ኋላ አትይ። ዝም ብለሽ ተከተይኝ» አላት።

አዞው ሳይነካቸው ተሻገሩ።

በማግስቱ እሾሃማው ጫካ ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች መንገድ ዘጉባቸው። ሳጥኑ ይከፈት አሉ፤ ደም ወስዳችሁ ልትሸጡ ነው የሚል ወሬ ደርሷቸዋል።

«ክፈቱት» አለ ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ። «ብቻ በሽታው ከመውጣቱ በፊት እኔ ፈቀቅ ልበል።»

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ መንገዱን ለቀቁ።

እሷ እየሳቀች ክንዱን ስትይዘው ትኩሳቱ እጇን አቃጠላት። መንደሩ ውስጥ በሽተኞቹን እያቀፈ የሕክምና ድንኳን ያስገባ የነበረው እሱ ነው። ሁለቱም ገባቸው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከአንድ ዛፍ ሥር ቁጭ አለ።

«እህት ዓለም፣ ከበረዶው ትንሽ ለግንባሬ ብታደርጊልኝ።»

ቴርሞሜትሩን አየች። ሰባት ይላል፤ ከስምንት ካለፈ ደሙ ይበላሻል።

«ጋሼ… አልችልም። ከከፈትኩት ሁሉም ከንቱ ነው።»

«አውቃለሁ። እንዲያው አልኩ እንጂ።»

ሻሿን በቀራቸው ጉንጭ ውሃ አርሳ ግንባሩ ላይ ጣል አደረገች፤ ወዲያው ሞቀ። ደግፋው አስፋልቱ ድረስ ወሰደችው። እዚያ ተቀመጠ፤ መልሶ አልተነሳም። የጭነት መኪና አግኝታ እሱንም ሳጥኑንም ይዛ ተቋሙ ገባች።

የናሙና ተረካቢው ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

«አንድም ጊዜ አልተከፈተም! እንዲህ ያለ ንጹሕ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ጎበዝ።»

ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን በሽታው ታወቀ፤ መድኃኒቱም ወደ መንደሩ ተላከ። የተቋሙ ሐኪም ጠርቶ አጽናናት።

«በረዶው አያድነውም ነበር። ራስሽን አትውቀሺ።»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር። ግን ለምኖኝ ነበር።»

በሚቀጥለው ወር ለሥራ ስትወጣ ሁለት ሳጥን ጫነች። አዲሱ ሹፌር አንደኛውን ከፍቶ ቢያይ በረዶ ብቻ ነው።

«የደም ብልቃጦቹን ረሳሻቸው እንዴ?»

«አልረሳሁም» አለችው። «ይሄኛው ለመንገደኛ ነው። ሲያስፈልግህ ሳትጠይቀኝ ክፈተው።»