የኮሲና ደወል

ፍራኔ ግርጊችን የገደለው መውደቁ አልነበረም፤ ብርዱ ነበር። ሐኪሙ ይህን ለኢንስፔክተር ኔዳ የነገራት ከኮሲና ተራራ ጫፍ ጀርባ፣ አስከሬኑ ከተገኘበት የድንጋይ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ነው።

«ከወደቀ በኋላ ቢያንስ ስምንት ሰዓት በሕይወት ቆይቷል» አላት። «ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፤ የቀኝ እጁ አንጓም እንደዚሁ። ስልኩ ከድንጋይ ተላትሞ ደቋል።»

ኔዳ ወደ ጉድጓዱ ወርዳ ጎንበስ አለች። የተሰበረው እግር ከጥድ እንጨት ጋር በብስክሌት ካላማዳሪ ተጠፍሯል። ድርብ ቋጠሮው ከባቱ ሥር ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«ያገኙት ሰዎች ራሱ ነው ያሰረው ይላሉ» አለ ሐኪሙ።

«በአንድ እጁ?»

ኔዳ ቋጠሮውን በጣቷ ነካች። አንድ ሰው እዚህ ጉድጓድ ወርዶ፣ የፍራኔን እግር በጥንቃቄ አስሮ፣ ወጥቶ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፤ ለማንም አልተናገረም።

ፍራኔ የስልሳ ሦስት ዓመት ጡረተኛ መምህርና የስቬታ ማራ ከተማ ተራራ ወጪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው። ጎህ ሲቀድ የብስክሌትህን የፊት ጎማ ባሕር ውስጥ ትነክራለህ፤ መንገዱ እስከሚያልቅበት ትጋልባለህ፤ ከዚያ በእግርህ ጫፉ ላይ ወጥተህ ደብተርህ ላይ ማህተም ታሳርፋለህ። ከባሕሩ በራሱ ጉልበት ያልተነሳ ሰው ጫፍ ወጣ አይባልም። ቅዳሜ ዕለት ጎማቸውን የነከሩት ሦስት ነበሩ፦ ፍራኔ፣ ፖስተኛው ሎቭሬና የመድኃኒት ቤቷ ያድራንካ። ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው እያንዳንዱ በትንፋሹ ልክ ወጣ።

መንገዱ በቁጥር በሚጠሩ መታጠፊያዎች እየዞረ ወጥቶ የሚያልቅበት የማረፊያ ቤት አለ፤ ጠባቂው የሰባ አንድ ዓመቱ ባርባ ዮሶ ነው። ባርባ በዚያ የባሕር ዳርቻ ለሽማግሌ የሚሰጥ አክብሮት ነው። ቡራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ጀርባ ተነስቶ ወደ ባሕሩ መውረድ ሲጀምር፣ ባርባ ዮሶ ደወል ይመታል። ደወሉን የሰማ ሁሉ ወደ ቤቱ መጥቶ ይቆጠራል፤ ስሙም በደብተር ይጻፋል። ይህ ልማድ ከማኅበሩም ዕድሜ በላይ ነው።

አስከሬኑ እሑድ ጠዋት ተገኘ። እኩለ ቀን ሳይሆን ከተማው ፈርዶ ጨርሷል። ሽማግሌው አረቄውን ጠጥቶ ተኝቶ ነበር፤ ደወሉን አልመታም፤ ነፍስ አድኖቹንም የጠራው ዘግይቶ ነው፤ ቢመታ ኖሮ ሁለቱ ተመልሰው ሦስተኛው መጥፋቱ በጊዜ በታወቀ ነበር። ሎቭሬም ያድራንካም ደወል አልሰማንም ብለው ቃል ሰጥተዋል። ማኅበሩ በሚቀጥለው እሑድ የቤቱን ቁልፍ ሊቀበለው ወስኗል። ባርባ ዮሶ ሌላ ቤት አልነበረውም።

ኔዳ ይህን ፍርድ አዲስ ሆኖ አላገኘችውም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ ባሏ ዱዬ ኮሲና ላይ ሞቶ በቀረ ጊዜ የተወራው ይኸው ነበር። እሷ ያን ጊዜ ለማንም ምንም አላለችም። ባርባ ዮሶን ባየች ቁጥር ግን መንገድ ትሻገር ነበር።

ሰኞ ዕለት የማረፊያ ቤቱን በር አንኳኳች።

«ግቢ ልጄ» አላት፤ ቀና ብሎ ሳያያት። «ወንበሩ ይንገዳገዳል፤ እንዳይጥልሽ። ዛሬስ የምትሻገሪው መንገድ የለም።»

ፊቷ ጋለ። «ቅዳሜ ጠጥተው ነበር?» አለችው።

«ሁለት መለኪያ።»

«ደወሉንስ?»

«ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ መታሁ። ማንም አልመጣም። የፍራኔ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፎ አየሁ፤ ለነፍስ አድኖቹ ስልክ መታሁ። እነሱም በባሕሩ በኩል ያለውን መንገድ ሲፈትሹ መሸባቸው። ሰው ሁሉ አልመታህም ሲለኝ፣ እኔም ሌሊት እየነቃሁ መታሁ ወይስ በሕልሜ ነው እላለሁ።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

መዳፉን ዘረጋ። ገመድ የላጠው ቆዳ ገና አልደረቀም ነበር።

ያድራንካ መድኃኒት ቤቱን ዘግታ አነጋገረቻት።

«ነፋሱ ሲነሳ ከጫፉ ግማሽ መንገድ ላይ ነበርኩ። ፈራሁ፤ ተመልሼ ብስክሌቴን አንስቼ ወረድኩ። ባርባ ዮሶ ከጓሮ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ አላየኝም።»

«ቦርሳሽ ውስጥ ምን ትይዢያለሽ?»

«ምን እይዛለሁ? ፋሻ፣ መቀስ፣ ማስታገሻ። ባሌማ ክሊኒክ ጭነሽ ነው የምትሄጂው ይለኛል።»

«ደወሉ ሲመታ የት ደርሰሽ ነበር?»

«አምስተኛው መታጠ...» ብላ አቋረጠችው። «አልሰማሁም አልኩሽ እኮ።»

ኔዳ አልተጫነቻትም። ሰው ውሸቱን ራሱ እስኪተፋው ድረስ ጊዜ መስጠት ታውቅበታለች።

ሎቭሬ አብሯት የተማረ ነው፤ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«መጣሽ? የሦስተኛ ክፍልን እርሳስ ልትጠይቂኝ ነው? እኔ አይደለሁም የሰረቅኩሽ።»

«እሱን ይቅር ብዬሃለሁ። ቅዳሜን ንገረኝ።»

ሳቁ ከፊቱ ወረደ። «ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ የብስክሌቴ ካቴና ተበጠሰ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስጠግን ቆየሁ፤ ነፋሱ ሲበረታ ወደ ቤቴ ወረድኩ።»

«ደወልስ?»

«ምን ደወል? አንዲት ጊዜም አልተመታም! ያ ሰካራም ነው ፍራኔን የበላው።»

ብስክሌቱን አስመጣችው። ካቴናውን በጣቷ እየነካች ከዳር እስከ ዳር አዞረችው፤ እያንዳንዱ ቀለበት እኩል በአሮጌ ዘይት ጠቁሯል። የዕቃ ቦርሳውን ከፈተች። መንፊያ አለ፣ መለጠፊያ አለ፣ ቁልፍ አለ።

«ትርፍ ካላማዳሪህስ?»

«ባለፈው ሳምንት ፈነዳብኝ» አለ ሎቭሬ፤ ዓይኑ ግን ከእጇ ላይ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ኔዳ ያደረገችው ነገር አለቃዋን አስገረመ። ቡራን ጠበቀች። ሐሙስ ዕለት ነፋሱ ተነሳ። በመኪና ተራራውን ዞራ፣ ከኮሲና ጀርባ ባለው የደን መንገድ ላይ ቆመች። በሬዲዮ ባርባ ዮሶን ደወሉን እንዲመታ አስነገረችው። መስኮቱን ከፍታ አዳመጠች። ከነፋሱ በቀር ምንም አልነበረም።

«እየመታ ነው?» አለች።

«ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነው!» አላት ማረፊያ ቤቱ ያለው ፖሊስ።

ዱዬም የተገኘው በዚህ በኩል ነበር። ኔዳ ሬዲዮውን ካስቀመጠች በኋላ መኪናውን ለማስነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ቁልፉን የሚረካከቡበት እሑድ ሁሉንም በማረፊያ ቤቱ ሰበሰበቻቸው፦ ሎቭሬን፣ ያድራንካን፣ ባርባ ዮሶንና የፍራኔን ሚስት ማንዳን። ቡራው ገና አልበረደም ነበር።

«ቁልፉ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር እንስማ» አለች። «አሁን አንድ ፖሊስ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ቆሟል፤ አንዱ ከጀርባ የደን መንገድ ላይ። ባርባ ዮሶ፣ ይምቱልን።»

ሽማግሌው ወጥቶ መታ። የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ።

«ሰባተኛው፣ ትሰማለህ?»

«ከጎኔ ያለ ነው የሚመስለው» አለ ሬዲዮው።

«ጀርባ፣ አንተስ?»

«ምኑን?»

ኔዳ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቡራ ከጀርባ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው፤ የደወሉንም ድምፅ ይዞት ይወርዳል። ከዚህ ቤት እስከ ታችኛው መታጠፊያ ያለ ሰው አልሰማሁም ሊል አይችልም። ያድራንካ?»

ያድራንካ እጇን ፊቷ ላይ ጫነች። «ሰምቻለሁ። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ። መመለስ ነበረብኝ፤ ፈርቼ ወረድኩ። በማግስቱ ሰው ሁሉ አልተመታም ሲል... እኔም አልሰማሁም አልኩ። ባርባ ዮሶ፣ የእርስዎን ፊት የማይበት ዓይን የለኝም።»

ሽማግሌው የመጣበትን በር ዘጋና ተቀመጠ።

«እሷ ፍራኔን አላሰረችም» ቀጠለች ኔዳ። «ፋሻ የያዘ ባለሙያ በጎማ አያስርም። የራሱ የፍራኔ ትርፍ ካላማዳሪ እዚህ ብስክሌቱ ላይ ተገኝቷል። ባርባ ዮሶ ብስክሌት የላቸውም። ካላማዳሪው የጠፋው ከአንድ ቦርሳ ብቻ ነው። ተበጠሰ የተባለው ካቴናም ተበጥሶ አያውቅም፤ አዲስ ቀለበት ቢገባበት ያብለጨልጭ ነበር። ሎቭሬ፣ አንተ ልዋሽ ብለህ አይደለም ደወል አልተመታም ያልከው። እውነትህን ነው፤ አልሰማህም። ስለዚህ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ አልነበርክም። ከጀርባ ነበርክ። ብስክሌትህ ደግሞ እዚህ ግድግዳው ላይ አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ወደ ጀርባ የሚያደርስህ መኪና ብቻ ነው።»

ሎቭሬ የማኅበሩን ደብተር ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ሽፋኑን ሲያሻሽ ቆየ።

«ልቤን ቀዶ ሕክምና ከተደረግኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሐኪሙ ብስክሌት እርም በል አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጎማዬን ከእናንተ ጋር እነክርና ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ መኪናዬን ዋዜማውን የወይራ ዛፎቹ መሀል እደብቃለሁ። ዘጠኝ ጫፍ እንደዚያ ወጣሁ።»

«ፍራኔስ?» አለች ማንዳ።

«ከጫፉ ላይ ሆኖ መኪናዬን ከታች የደን መንገዱ ላይ አየ። እየጠራኝ ሲወርድ ድንጋዩ ከዳው። ወርጄ አሰርኩለት። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት፣ ‹ከጸደይ ጀምሮ አውቃለሁ እኮ፣ አንተ ጅል፤ ማን ጠየቀህ?› አለኝ። ‹አሁን ሂድና ስልክ ደውል› አለኝ።»

«ለምን አልደወልክም?» አለችው ኔዳ።

«ስልክ የሚሠራበት ደረስኩ። ቁጥሩን መታሁ። ‹የት ነህ?› ይሉኛል አልኩና ዘጋሁት። ቤቴ ገብቼ ልደውል አልኩ። ቤቴ ስገባ፣ ‹እስካሁን የት ነበርክ?› ይሉኛል አልኩ። በየሰዓቱ ለመናገር እየከበደኝ ሄደ። የሰው ፊት እሳት ነው፣ ኔዳ። እኔ ከእሳቱ ሸሸሁ፣ እሱ በብርድ ሞተ።»

ማንዳ ስታለቅስ አልታየችም።

«ባሌን አውቀዋለሁ» አለች። «ተመልሰህ እንደምትመጣ እያመነ ነው የሞተው።»

ሎቭሬ አንገቱን ደፋ፤ ፖሊሶቹ ሲያስነሱትም አላቀናም። ያድራንካና ማንዳ ተከትለው ወጡ። ቁልፉ እንደተቀመጠ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ባርባ ዮሶ አንስቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

ኔዳ ግን አልወጣችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያየችው ደብተር መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ከአራት ዓመት በፊት ያለውን ገጽ...» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት።

ሽማግሌው ገጽ ሳያገላብጥ በአንድ ጊዜ ከፈተው። ቦታውን ያውቀዋል። *የካቲት አሥራ ስምንት። ደወል ከቀኑ ሰባት እስከ ምሽቱ አራት። ገመዱ ተበጠሰ፤ በመዶሻ መታሁ። የመጣ፦ ማንም።*

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ለምን አላሳዩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ፣ ልጄ። ሰላም የማትለኝን ሴት ደብተር ይዤ ላሳድዳት?»

ይቅርታ የሚለው ቃል እስከ ጉሮሮዋ መጣ፤ ለአራት ዓመት ግን አነሰባት። ካፖርቷን ቆለፈች። እንደገና ከፈተችው። ከዚያ የሚንገዳገደውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ደወሉን ሰምቼ መጥቻለሁ» አለችው። «ይቁጠሩኝ።»

ባርባ ዮሶ ዓይኗን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ከአዲሱ ገጽ ራስ ላይ ስሟን ቀስ ብሎ ጻፈ።

«ዘገየሽ» አላት።

«አዎ» አለች።

ከስሟ ጎን፣ *ደርሳለች* ብሎ ጨመረበት።