የፊፋሜ እናት ሸክላ

ፊፋሜ የሙዚቃ ሸክላውን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ረስታው ገበያ ሄደች። ስትመለስ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ጠበቃት። የኮቶኑ ፀሐይ መች ይቅር ይላል!

የእናቷ ድምፅ ያለበት ያ አንድ ሸክላ ብቻ ነው። በወጣትነታቸው ዘመን ኮቶኑን ላብ በላብ ባደረገው የፈንክ ሙዚቃ አባቷ ዶሱ ትራምፔት ይነፋ፣ እናቷ ትዘፍን ነበር። እናቷ ስትሞት ፊፋሜ ሦስት ዓመቷ ነበር። የቤቱ ማጫወቻ ከተበላሸም ቆይቷል፤ ስለዚህ የእናቷን ድምፅ አታስታውሰውም። አሁን ግን የፊታችን ቅዳሜ የእናቷ ሃያኛ ሙት ዓመት ነው፤ አባቷም ማጫወቻ ከጎረቤት ተውሷል።

የምትገባበት ጠፋት። በመጨረሻ፣ በሞተር ገጠር ለገጠር እየዞረ አሮጌ ሸክላ እየሰበሰበ ወደሚሸጠው ወደ ኮምላን ሄደች።

«ማነው እንዲህ የገደለው?» አለ።

«እኔ።»

ሊስቅ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው። ሸክላውን ረስቶ እሷኑ ሲያይ ቆየ።

«በሁለት መስታወት መሀል አድርጌ በጠዋት ፀሐይ አቃናዋለሁ። እመኚኝ።»

አመነችው። ሰኞ አልደወለም፤ ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ሐሙስ ጠዋት ጓደኛዋ ናዴዥ እየሮጠች መጣች።

«ያ ኮምላንሽ ሆቴል በር ላይ ለአንድ ነጭ ሸክላ ሲያቀብል አየሁት! በይ እንግዲህ እልል በይ!»

ፊፋሜ ደሟ ፈላ። በሞተር ታክሲ በርራ የኮምላን እናት ግቢ ደረሰች። የቤቱ መስኮት መስታወት የለውም። ከመስኮቱ የወለቁት ሁለት መስታወቶች ጡብ ተጭኗቸው መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ኮምላን አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መሀላቸው የእናቷ ሸክላ አለ።

«ሸጥከው አሉኝ!»

«የሸጥኩት የራሴን ነው። የእናትሽን? አብጃለሁ እንዴ?»

«ታዲያ መደወል አቃተህ?»

«ብደውል ‹ተስተካከለ ወይ?› ትይኛለሽ። ገና ነው ለማለት አፈርኩ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። ዓርብ ቁርስ ይዛ መጣች፤ አብረው ጠበቁት። መስታወቱን ሲያገላብጡ እጃቸው ተነካካ። እጁን ያነሳ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዘመድ ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ዶሱ መርፌውን አሳረፈ። ከበሮው ሲፈነዳ የሽማግሌዎቹ ወገብ ሳይቀር ተነቃነቀ። ከዚያ እናቷ መዝፈን ጀመረች፤ ፊፋሜ ወደ ማጫወቻው ጠጋ አለች። መሀል ላይ ግን ድምፁ እንደ መዝለል አለ።

ኮምላን ክው አለ። «ፓፓ ዶሱ፣ ይቅርታ... እዚህ ጋ አልተቃናልኝም።»

«ፓፓ፣ የሱ ጥፋት አይደለም! ፀሐይ ላይ የረሳሁት እኔ ነኝ!» አለች ፊፋሜ እያለቀሰች።

አባቷ መርፌውን መለሰና እንደገና አዳመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ፈገግ አለ።

«አንዳችሁም አላበላሻችሁም። ሲቀዳ እየነፋሁ በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ሳቀችና ተራዋ ሳይደርስ ቀድማ ገባች። የባንዱ አለቃ ‹ድጋሚ እንቅዳው› ቢል ‹በፍጹም› አልኩት።»

ለሦስተኛ ጊዜ አጫወተው። ፊፋሜ አሁን ሰማችው፤ ድምፁ ከመዝለሉ በፊት ትንሽ የእናቷን ሳቅ። ሸክላው ከጎደጎደ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደላት።

ዶሱ ወደ ኮምላን ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ዘመዶችህ ልጅ ለመጠየቅ የሰው በር ማንኳኳት ያውቃሉ? ሲመጡ ከስጦታው ጋር ማጫወቻ ይጨምሩበት፤ ይሄ የጎረቤት ነው።»

ኮምላን አፉን ከመክፈቱ በፊት ፊፋሜ «ይመጣሉ!» አለች።

ግቢው በሳቅ አውካካ። አባቷ ግን ወደ ሸክላው ጎንበስ ብሎ፣ «ሰማሽ?» አለ። «ልጅሽም ቀድማ ገባች።»