በድምፅ የሚለይ ጉድለት

«ሰባተኛው ምዕራፍ ይወጣል» አለች የኮሚቴው ሰብሳቢ። በረቂቁ ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር የእርሳስ መስመር ሳበችበት።

ቦታው የትምህርት ቤቱ አውቶ መካኒክ ዎርክሾፕ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። መምህራቸው ግራጫ ቱታውን እንደለበሰ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሟል። ከአጠገቡ የቆመችው ልጁ ናት። ክፍሉ «ብሎን» ይላታል፤ አጭር ስለሆነችና አንዴ ከያዘች ስለማትለቅ።

የትምህርት ቢሮው የሙያ ትምህርቱን ደረጃ እያደሰ ነበር። የድሮው የተጻፈው ብሎን ሳትወለድ ነው። ኮሚቴው በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የትኛው ምዕራፍ ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ እያለ ይወስናል። ሰባተኛው ምዕራፍ «በድምፅ የሚለይ ጉድለት» ይባላል። ተማሪው የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ያዳምጣል። ሞተሩ ምን እንደነካው ራሱ ይናገራል። ምዕራፉን የጻፈው አባቷ ነው።

«በእሱ ፋንታ የኮምፒውተር ምርመራ ይገባል» አለ ከኮሚቴው ጋር የመጣው ወጣት ኢንጂነር። «ጆሮ ይሳሳታል መምህር።»

አባቷ እርሳሱን አይቷል። ከእሱ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገውም።

«ኮምፒውተሩ ይግባ። ማን ከለከለው?» አለ። «ግን መብራት ሲጠፋስ? ልጁ ሞተሩን አቅፎ ያልቅስ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሰብሳቢዋም ፈገግ አለች፤ እርሳሷን ግን አላስቀመጠችም።

«ነገ ተመለሱ» አለ አባቷ። «የፈለጋችሁትን ሞተር አምጡ። ጉድለቱን እናንተ ምረጡ። በጆሮዬ ካላገኘሁት ሰርዙት፤ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

ሰብሳቢዋና ኢንጂነሩ ተያዩ። «ይሁን» አለች።



አባቷ አይሰማም።

ሁለት ዓመት አልፎታል። ሠላሳ ዓመት የሞተር ጩኸት የጠጣ ጆሮ ነው። መጀመሪያ ግራው ሄደ፣ ቀጥሎ ቀኙ። የሰው ከንፈር ያያል፤ ግማሹን ይገምታል፤ ላልገባው «እሺ» ይላል። እናቷ ቤት ውስጥ ከመጮኋ የተነሳ ጎረቤት የተጣሉ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ግን አልተነቃበትም፤ ምክንያቱም ብሎን መብራት ትይዝለታለች። እሱ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ እሷ በግራ እጇ መብራቱን፣ በቀኟ ክርኑን ትይዛለች። አንዴ ጫን ስታደርግ ቫልቭ ነው። ሁለቴ ፒስተን። ሦስቴ ብሮንዚና፤ የሞተሩ ዘንግ ተደላድሎ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት።

ድምፆቹን ያስተማራት ራሱ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሆና አንድ ቀን አቅፏት ሞተር ላይ ጎንበስ አለ።

«ይኼ ምን ይላል?»

«በር የሚያንኳኳ ሰውዬ።»

«ጎበዝ! እሱ ብሮንዚና ነው። ቶሎ ካልከፈትሽለት ቤቱን ያፈርሰዋል።»

ያኔ ከእሷ በፊት የሚሰማው እሱ ነበር።

ኮሚቴው ከሄደ በኋላ ተማሪዎቹ የእጃቸውን ግራሶ በናፍጣ ያጥቡ ጀመር። ቀጮ ተጠጋት። ቀጮ ከክፍሉ ሁሉ ረጅም ነው፤ በር ሲገባ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ጎንበስ ይላል።

«ነገም ልትነኪው ነው አይደል?» አላት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ኧረ ባክሽ አትሸውጂኝ። ድሮ እኮ መብራት ብቻ የያዝሽ ይመስለኝ ነበር።» የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አሳያት። አዲሱ ቆዳ ገና ስስ ነው። «ያን ቀን ነው የነቃሁብሽ።»

ያን ቀን ከወር በፊት ነው። የቀጮ እጅ ሞተሩ በሚያሽከረክረው ቺንጋ አጠገብ እያለ አባቷ ሞተሩን አስነሳ። ቀጮ ጮኸ። ክፍሉ ሁሉ ጮኸ። አባቷ ጀርባውን እንደሰጠ ነዳጁን ይጨምር ነበር። ዘላ የባትሪውን ሽቦ የነቀለችው ብሎን ናት። አባቷ ሲዞር ቀጮ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር። ለቤተሰቡም ለመምህሩም ከብስክሌት ወደቅሁ አለ፤ ክፍሉም አላጋለጠውም።

«ለምን ዝም አልክ ግን?» አለችው።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ። ቲቸርን እወደዋለሁ። ሌላው ሁሉ ሲያባርረኝ እሱ ነው ያስቀመጠኝ።» ጣቶቹን ጠራረገ። «ግን አንቺ በሚቀጥለው ዓመት ተመርቀሽ ትሄጃለሽ። ከሥር የሚመጡት ሕፃናት ናቸው። ለእነሱ ሽቦ የሚነቅል ማን ነው?»

ብሎን እጇን ናፍጣው ውስጥ ነከረች።

«እኔ ደግሞ ትርፍ ጣት የለኝም» አለ። ሊያስቃት ፈልጎ ነው። አልሳቀችም።

አመሻሹ ላይ አባቷ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ ክንዱን በሳሙና ይፈትግ ነበር። እናቷ ገና ከሥራ አልገባችም። ብሎን ከኋላው ቆመች። ፊቱን ካየች እንደማትናገር ታውቃለች።

«አባዬ፣ ነገ አልነካህም» አለች።

ውሃው ይወርዳል።

«አንተው ንገራቸው። ጆሮዬ ደክሟል በላቸው። ሞተሩን እኔ አዳምጬ አሳያቸዋለሁ። ያስተማርከኝ አንተ መሆንህን ያያሉ። አልሰረቅንም፣ ምን ያሳፍራል? እኔ ግን ከዚህ በኋላ አልችልም። ፈራሁ አባዬ።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ የኔ ልጅ» አለ፤ ሳሙናውን አገላበጠ።

ብሎን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እፎይታ ነው። እንዲህ ይቀልላል ብላ አላሰበችም ነበር። ያን ሌሊት እንደ ድንጋይ ተኛች።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ከእቃ ግምጃ ቤቱ ጉድለቱን አስቀድሞ የለየውን አንድ የቆየ ሞተር አስወጥቶ በብረት ማቆሚያ ላይ አሳሰረው። አስነሳው። ብሎን ከአራት እርምጃ ርቀት ሰማችው። በር የሚያንኳኳው ሰውዬ ነበር። እንዲያውም እየደበደበ ነው።

አባቷ ካቻቢቴውን አነሳ። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። አልተናገረም። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ክርኑን ወደ እሷ አስጠጋ።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ቧንቧው። ጀርባው። ማታ ጥላዋን አይቶ ያላት እሺ፣ ለዳቦ ሻጩም ለጎረቤቱም የሚለው እሺ ነው። ከሰው ሁሉ ይህን ማወቅ የነበረባት እሷ ናት። እሷው ናት ለማይሰማ ሰው ከጀርባው ቆማ የተናገረችው።

ክርኑ ይጠብቃል። ሦስት ጊዜ ጫን ማድረግ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ምዕራፉ ይቆያል። እሱም ይቆያል። ከሥር የሚመጡት ልጆችም ይመጣሉ፤ እጃቸውን ቺንጋው አጠገብ ያስገባሉ።

አግዳሚው ላይ ቀጮ አንገቱን ደፍቷል። ወደ እሷ አያይም።

ብሎን ቀኝ እጇን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተች።

አባቷ ዓይኑን ገለጠና አያት። አልተቆጣም። ገበያ መሀል እጁን የለቀቁት ሕፃን ይመስል ነበር።

«ቫልቭ» አለ።

ኢንጂነሩ ራሱን ወዘወዘ።

«ፒስተን።» ድምፁ አነሰ።

«ይበቃል መምህር» አለች ሰብሳቢዋ ከኋላው። አልዞረም። «መምህር!» አልዞረም። እልህ የያዘው መስሏት ፊቷን ወደ ወረቀቷ መለሰች። ኢንጂነሩ ሞተሩን አጠፋ። አባቷ ቀና ያለው ንዝረቱ ከእጁ ሲጠፋ ነው። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠረገ፣ በቦታው ሰቀለ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ።

ሰብሳቢዋ ጻፈች። «የተማሪ ፊርማ ያስፈልጋል» አለች። «የክፍሉ ተወካይ ማን ነው?»

ተወካይዋ ብሎን ነበረች። ቀርባ አነበበች። «ጉድለትን በድምፅ መለየት የማያስተማምን ዘዴ መሆኑ በተግባር ታይቷል። ምዕራፉ ይሰረዝ» ይላል።

«ይኼ ልክ አይደለም» አለች። «ዘዴው አልተሳሳተም። ሞተሩ ብሮንዚናው ሄዷል።»

ኢንጂነሩ ቀና አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ሞተሩ።»

ኢንጂነሩ ለሰብሳቢዋ በዝግታ ራሱን ነቀነቀላት። ልክ ናት ማለቱ ነው።

«ታዲያ መምህሩ እንዴት አጡት?» አለች ሰብሳቢዋ።

ክፍሉ ሁሉ ብሎንን አየ። ዝም ብትል አባቷ አንድ ቀን የተሳሳተ መምህር ሆኖ ይቀራል፤ የሠላሳ ዓመት ሥራው ግን በዚህ ዓረፍተ ነገር ይቀበራል። ብትናገር ምዕራፉ ይተርፍ ይሆናል። እሱ ግን ነገ ዎርክሾፕ አይገባም።

«ትንሽ ጠብቁኝ» አለችና ወጣች።

ከግድግዳው ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች፤ ከንፈሯ እንዲታየው።

«ለምን?» አላት።

«ማታ ነግሬህ ነበር።»

«መቼ?»

«ቧንቧው ጋ። እሺ አልከኝ።»

እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «እኔ እኮ ለሁሉም እሺ ነው የምለው» አለ።

ብሎን ተነስታ መሄድ ፈለገች። ግን አልተነሳችም።

«የቀጮ ጣት ከብስክሌት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ያስነሳኸው ሞተር ነው። ጮኸ። ሁላችንም ጮኽን።»

ከንፈሯን ትክ ብሎ ያይ ነበር። «ድገሚው» አላት።

ደገመችው። እንደዚያ ያለ ነገር ለአባት ሁለት ጊዜ መናገር ከባድ ነው። ግን አንዱንም ቃል አልዋጠችም።

አባቷ የራሱን ሁለት ጣቶች በሌላ እጁ ጨበጠ። «አንድ ወር ሙሉ» አለ በመጨረሻ፤ «አንድ ወር ሙሉ፣ ብስክሌትህን ፍሬን አሠራ እያልኩ ስመክረው?»

«ልነግራቸው ነው አባዬ» አለች። «ምዕራፉ ይቆይ ይሆናል። አንተ ግን…»

የቀረውን ጠበቀ። ካልጨረሰችው እንደማያገኘው ታውቃለች።

«አንተ ግን ከዎርክሾፑ ትወጣለህ።»

አይሆንም አላለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚህ በኋላ የምትለው አንድም ቃል አይደርሰውም።

ብሎን ሊዞር ይችል ይሆናል ብላ ትንሽ ቆየች። አልዞረም። ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ወደ ውስጥ ገባች። ሰብሳቢዋ ወንበር ሳበችላት። አልተቀመጠችም።

«መምህሩ አባቴ ነው» ብላ ጀመረች።