ክፍል ያልተሰጣት ልጅ

ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ...

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉን አሙቃዋለች። ቦታውም መቃብር ወይም ጫካ አይደለም።

መዋለ ሕፃናት ነው።

ልጆቹ ከምሳ በኋላ የሚተኙበት ሰዓት...

ታሪኩ የእህቴ ነው። ታላቄ ናት። ጢሜ ሸብቶ እንኳ ዛሬም "ማሙሽ" ነው የምትለኝ። እሷ ፕሮግራመር ናት፣ እኔ ኤሌክትሪሺያን። እሷ ኮድ ትቀጥላለች፣ እኔ ሽቦ እቀጥላለሁ። ሲበላሽብን ሁለታችንም "እስቲ አጥፍታችሁ አብሩት" ነው የምንለው።

አንዲት ልጅ ነበረቻት። አንድ ለእናቷ። ቁመቷ ጭብጥ የማይሞላ፣ አፏ ግን የማያርፍ ስለነበር ድንቢጥ እንላት ነበር።

ድንቢጥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ሞተች። ትኩሳት ነው ተባለ። የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ነበር። የትኛው ክፍል እንደምትመደብ ገና አልተነገራትም።

"እማ፣ ጨረቃ ክፍል ነኝ ወይስ ኮከብ ክፍል?"

ጠዋት ማታ ጥያቄዋ ይኸው ነበር።

"ሲከፈት ይነግሩሻል" ትላታለች እናቷ።

ሳይከፈት ሄደች።

እህቴ በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ "ጠንካራ ናት" አለ። እኔ ግን አውቃታለሁ። የሷ እንባ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነው።

ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን ያው ድንቢጥ የተማረችበት መዋለ ሕፃናት ሥራ ሊሰጣት ጠራት። ልጆቹ እጃቸው ላይ ትንሽ አምባር ያደርጋሉ። በበር ሲያልፉ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ "ጢጥ" ብሎ አምባሩን ያነባል። ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ስክሪን ደግሞ የትኛው ልጅ የትኛው ክፍል እንዳለ ይታያል። መሣሪያውን የምገጥመው እኔ፣ ኮዱን የምትጽፈው እሷ።

ባሏ ሹፌር ነው። ቃል ከአፉ በፒንሳ የሚወጣ ሰው። ሥራውን ልንጀምር ስንወጣ ግን በር ላይ እጄን ያዘኝ።

"ተው በላት" አለኝ በሹክሹክታ።

"ብያታለሁ። እምቢ አለች።"

"የደረቀ ቁስል ምን ያስነካታል?"

"ደርቆ ይሆን?" አልኩት።

እጄን ለቀቀኝ።

የምንሠራው ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። መሃላችን መስታወት ነው። በዚያ በኩል ፍራሾች ተደርድረዋል። በዚህ በኩል እህቴ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች።

"ምንድን ነው የምትሠሪው ግን?" አልኳት። ዝምታዋ ሲከብደኝ ወሬ መፈለጌ ነው።

"እየው ማሙሽ። ከበሩ የሚመጣው ተራ ሰልፍ ነው። አሬይ እንለዋለን። አንዱ ልጅ ገባ፣ ሌላው ገባ... ዝም ብሎ ተከታትሎ ይመጣል። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ኦብጀክት ነው። ስሙ፣ ክፍሉ፣ ጠረጴዛው፣ የገባበት ሰዓት አንድ ላይ የታሰረበት።"

"እሺ።"

"ኮዱ ከሰልፉ አንድ ባንድ እያነሳ ይጠይቃል። ክፍልህ የቱ ነው? 'ጨረቃ' ካለ፣ ጨረቃ የሚል መሳቢያ አለ ወይ ብሎ ያያል። ከሌለ ይሠራል። እዚያ ውስጥ ደግሞ የጠረጴዛውን መሳቢያ ይፈልጋል። እሱም ከሌለ ይሠራል። ከዚያ ልጁን ቦታው ያስገባዋል።"

"መሳቢያ ውስጥ መሳቢያ በይኛ።"

"በቃ እሱ ነው።" ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ...

በማግስቱ ሞከርነው። ስክሪኑ በራ። ጨረቃ ክፍል። ኮከብ ክፍል። ቀስተ ደመና ክፍል። በየክፍሉ ሥር ጠረጴዛዎቹ፣ በየጠረጴዛው ሥር የልጆቹ ስም። ልጅ በበር ሲያልፍ ስሙ አረንጓዴ ይሆናል። ዳይሬክተሯ አይታ አጨበጨበች።

ስምንት ሰዓት ላይ ግን ከሁሉም በታች አንድ ሌላ ክፍል ብቅ አለ።

በእንግሊዝኛ ፊደል "አንዲፋይንድ" ይላል።

ውስጡ አንድ ልጅ አለ። ስም የለውም። ጠረጴዛ የለውም። የገባበት ሰዓት ብቻ...

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ምንም አይደል፣ የታወቀ ነገር ነው። ክፍሉ ያልተጻፈ ልጅ ሲመጣበት ኮዱን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ አይቆጣም። ውጣ አይለውም። አንዲፋይንድ የሚል መሳቢያ ሠርቶ እዚያ ያስቀምጠዋል። ያልተወሰነለት እንደማለት ነው።"

"ታዲያ የማን ልጅ ነው?"

አምባሮቹን በሙሉ ፈተሸች። ክፍል ያልተጻፈበት አንድም አልነበረም።

ጥፋቱ የኔ መስሎኝ የመኝታ ክፍሉን በር መሣሪያ ነቅዬ አዲስ ገጠምኩ። ሽቦውንም ቀየርኩ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ልጆቹ ሁሉ ተኝተዋል። ኮሪደሩ ጭር ብሏል።

ጢጥ።

ማንም አላለፈም።

የሆነ ነገር ግን ክንዴን ታክኮኝ ሄደ። ከፍታው እስከ ወገቤ እንኳ አይደርስም...

ለእህቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

እሷ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። ክፍል የሌለው ልጅ ከመጣ ዝለለው የሚል። በማግስቱ የታችኛው መሳቢያ ጠፋ። "ተመስገን" አልኩ።

ቶሎ ነበር ያመሰገንኩት።

"ማሙሽ... ና እስቲ።"

ጨረቃ ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛዎቹ ሁሉ ሥር፣ አዲስ ጠረጴዛ አለ። አንዲፋይንድ። አንድ ልጅ። ስምንት ሰዓት።

"ዝለለው ብለሽው አልነበር?"

"ክፍል ከሌለው ነው ያልኩት።" ድምጿ ቀነሰ። "ትናንት ክፍል አልነበረውም። ዛሬ ጨረቃ ብሏል።"

"ማን ጻፈለት?"



በሚቀጥለው ቀን ጨረቃ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ኮከብ ክፍል ገብቷል። ከዚያ ተመልሶ ጨረቃ። ከዚያ ደግሞ ኮከብ... በር ተሳስቶ እንደሚያንኳኳ ሰው።

ልጆቹን የሚያስተኙት ሞግዚት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ያን ሰሞን መጥተው እህቴ አጠገብ ቁጭ አሉ።

"የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጃጀች እንዳትዪኝ።"

"ኧረ ይንገሩኝ እማማ።"

"ትርፍ ፍራሽ ጥግ ላይ አነጥፋለሁ፣ ምናልባት ልጅ ቢያመው ብዬ። ማንም አይተኛበትም። ሳነሳው ግን..." መዳፋቸውን አዩት። "ይሞቃል።"

"ፀሐይ ይሆናላ" አልኩ እኔ።

"ፀሐይ ከላይ ነው የምታሞቀው ልጄ። ይሄ መሃሉ ብቻ ነው የሚሞቀው። የሕፃን ገላ የሚያሞቀውን ያህል።"

ተነስተው ሄዱ። እህቴ ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች።

በዚያው ሰሞን ነው፣ ከተኙት ልጆች አንዷ ሽንት ቤት ልትሄድ ተነሳች። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ሁሉም ወላቃ የሚላት ልጅ ናት። ስትመለስ ወደ ፍራሿ አልሄደችም። እኛ ክፍል ገባች። እህቴን ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት።

"ክፍሏን ንገሪያት።"

"ማንን የኔ ቆንጆ?"

"ያቺን ልጅ። ሁልጊዜ ስንተኛ ትመጣለች። 'ክፍሌ ይሄ ነው?' ትለናለች። አናውቅም ስንላት ትሄዳለች።"



"ምን... ምን ትመስላለች?" አለች እህቴ።

"ፀጉሯ በዚህ በኩል ተሠርቷል።" ወላቃ ቀኝ ጆሮዋን ነካች። ከዚያ ግራውን። "በዚህ በኩል አልተሠራም።"

እህቴ ወንበሩን ጨበጠች። ከንፈሯ አመድ መሰለ።

ልጅቷ ወደ ፍራሿ ከሄደች በኋላ ነው የነገረችኝ። ትኩሳቱ ድንቢጥን የያዛት ፀጉሯን እየሠራቻት ሳለ ነበር። ግማሹን እንደጨረሰች "እማ፣ ራሴን" አለቻትና እቅፏ ላይ ዘንበል አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሆስፒታል የገባችው ሻሽ አድርጋ፣ የተቀበረችውም በሻሹ ነው። ግማሹ እንዳልተሠራ ከእናቷ በቀር ያወቀ አልነበረም።

እኔ አጎቷ እንኳ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ወደ ቤት ሸኘኋት። ባሏ እራት ላይ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ይጮህባታል፣ አበድሽ ይላታል ብዬ ጠበቅሁ። የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። 

"የቱን ነበር የምትፈልገው?" አለ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ክፍሉን። ጨረቃን ነበር ኮከብን?"

"ጨረቃን። መስኮቱ ወደ ዛፉ ነው ብላ።"

"እንግዲያው እዚያ አስገቢያት" አለ።  "ልጅ እንዴት በየበሩ ይንከራተታል?"

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ከበሩ የሚመጣው ሰልፍ ውስጥ በእጇ አንድ ኦብጀክት ጨመረች። አጠገቧ ቆሜ አየሁ። የድንቢጥን ሙሉ ስም ጻፈች። ክፍል፣ ጨረቃ። ጠረጴዛ፣ የመስኮቱ። ልትዘጋው ደርሳ ቆም አለችና አንድ መስመር ጨመረች።

ፀጉር፣ ተሠርቷል።

"ይሄ ለምን ያስፈልጋል?" አልኳት።

"ለኮዱ አያስፈልግም" አለች።

ስምንት ሰዓት ሆነ።

ጢጥ።

ጨረቃ ክፍል፣ የመስኮቱ ጠረጴዛ ሥር፣ የድንቢጥ ስም አረንጓዴ ሆነ። አንዲፋይንድ የሚል መሳቢያ የትም አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው እህቴ ያለቀሰችው። ስቅስቅ ብላ፣ ትከሻዬን ነክሳ፣ እንደ ሕፃን። ያ ሁሉ ጊዜ የተጠራቀመ እንባ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወጣ። ሞግዚቷም በሩ ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

አበቃ አልኩ። ልጅቷም ቦታዋን አገኘች፣ እናቷም እርሟን አወጣች።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ሰላም ነበር። እህቴ መብላት ጀመረች። ቀልድ ሳወራ ትስቃለች። ሥራውን አስረክበን መሣሪያዎቼን ልሰበስብ የሄድነው በአንድ ደመና በሌለው ቀን ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጢጥ።

እህቴ ፈገግ አለች። "መጣች" አለች ቀስ ብላ።

ጢጥ።

ተያየን።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ...

አያቆምም። በጅማሮው ዝግ ያለ ነበር፣ ኋላ ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሆነው ተከታተለ። ገመዱን ነቀልኩት። መሣሪያው ጠፋ። ድምፁ ግን ጥቂት ጊዜ ቀጠለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ወደ መስታወቱ ሮጥን።

ልጆቹ ሁሉም ተኝተዋል። ሰላማዊ እንቅልፍ ነው። አንድም የነቃ የለም።

ግን አንዳቸውም የፍራሻቸው መሃል ላይ አልነበሩም። ወላቃም፣ ሌሎቹም፣ ከዳር እስከ ዳር ያሉት ሁሉ ጠርዝ ላይ ጥግ ይዘው ነበር የተኙት። ለሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው...

"ማሙሽ" አለች እህቴ። ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው። "እኔ እኮ ቦታ የሰጠሁት ለሷ ብቻ ነበር..."



የልጆቹ ብርድ ልብስ ግማሹ እነሱን፣ ግማሹ የለቀቁትን ባዶ ቦታ ሸፍኗል።

በባዶው በኩል ያለው ብርድ ልብስ፣ በሁሉም ፍራሽ ላይ፣ ቀስ ብሎ ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ ይል ነበር።